የአማት ጉርሻ

የልጄ የዝማሬ አፍ ዘበኛ ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ደክሞኛል። የያዛት በሽታ እኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። ስንዴ ወይም ገብስ ከቀመሰች የገዛ ሰውነቷ ጠላት መጣ ብሎ አንጀቷ ላይ ይዘምታል። እንጀራ ከሱቅ አንገዛም፤ ጤፉን ከምን ጋር እንደቀላቀሉት ማን ያውቃል? ለቅሶ ቤት እንኳ ምግቧን ቋጥሬ ነው የምንሄደው። አምና በአንዲት ቁራሽ ዳቦ ሰበብ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሽንት ቤት ደግፌ ነበር የማደርሳት።

ቃለሕይወት ሊያገባት ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሙሽራ ይልቅ ተረኛ ዘበኛ ሆኖ ነው የታየኝ። ተመስገን አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እሺ ካስባሉን በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት ቃለሕይወትና እናቱ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ድረስ መጡ። ድፎ ዳቦ ይዘው! በሽታውን ስንት ጊዜ ነግረናቸዋል።

እናቱ ወይዘሮ ሸጊቱ ጸሎተኛ ናቸው። ዳቦውን ባርከው ቆረሱና ለዝማሬ ዘረጉላት።

«ጾሜ ጸልዬበታለሁ። በእምነት ጉረሺ፣ የኔ ልጅ። የሚገድል ነገር እንኳ ብትቀምሺ አይጎዳሽም ይላል ቃሉ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ወይዘሮ ሸጊቱ» አልኩ።

«በሞቴ! የአማት ጉርሻ አይመለስም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ዝማሬ ቃለሕይወትን አየችው። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ከእሱ አንዲት ቃል ነበር የምንጠብቀው።

እሱ ምንጣፉን እያየ፣ «ዝማሬዬ፣ ትንሽ እኮ ናት። ለእማዬ ስትይ» አለ።

ልጄ ጉርሻውን በእጇ ተቀበለች። ቀልቤ ተገፈፈ። ግን ለራሱ ለቃለሕይወት አጎረሰችው። ከዚያ ወደ እናቱ ጎንበስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ልጅዎን አላገባም» አለቻቸው።

ከሄዱ በኋላ ኮራሁባት። ግን ምን ያደርጋል፣ ከኩራቱ በፊት የመጣብኝ ድካሙ ነው። የማሳርፈው ትከሻ አገኘሁ ብዬ ነበርና አዘንኩ።

«እማዬ፣ ተመልሼ አንቺው ላይ ወደቅኩ አይደል?» አለችኝ እንባዋ እየወረደ።

«ዝም በይ! ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም» ብዬ ድስት አነሳሁ።

ተነስታ ድስቱን ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺ ተቀመጪ። ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ እኔ አለሁ።»

ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።