ሙዴቪን የሚያስጠጋ ጠፋ

የኩሬያችንን ደለል ሲዝቅ የነበረው ስካቫተር ድንገት ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ጭቃውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገና አንድ ጫማውን እዚያው ጭቃ ውስጥ ትቶ ሸሸ።

እኔ በመንደራችን በሜላፓቱ ትምህርት ቤት የታሚል ቋንቋ መምህር ነኝ። በየእሁዱ ከጓደኞቼ ጋር በሞተር ብስክሌት እየዞርን፣ በየማሳው የተጣለ፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚታሰርበት የጥንት ድንጋይ ስናገኝ ፎቶ እናነሳለን፤ ጽሑፍ ካለበትም እናነባለን። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ስደርስ ሰው ኩሬውን ከቧል፤ የቀረበ ግን አንድም የለም። ከጭቃው የወጣው ድንጋይ ላይ የተቀረጸችው ሆደ ሰፊ ሴት ናት። እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ የበሬ ራስ ያለው ወንድ ልጇ፣ በሌላው ሴት ልጇ፣ ከትከሻዋ በላይ ቁራ አለ። ማን መሆኗን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም።

"ሙዴቪ ናት!" አለ የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀመንበር ቴናራሱ። "ይኸው፣ በእግሯ መጣችልን!"

እኛ ዘንድ ሙዴቪ የሀብት እንስት አምላክ የሆነችው የላክሽሚ ታላቅ እህት ናት። ላክሽሚ ሀብት ይዛ ስትገባ እሷ ድህነትና እንቅልፍ ይዛ ትገባለች ይባላል። አርፍዳ የምትነሳ ምራት የምትሰደበው በእሷ ስም ነው።

"ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል" አልኩ። "በፓላቫ ነገሥታት ዘመን ገበሬው አዝመራ ይለምናት ነበር። ሴቶች ለወሊድ ይሳሉላት ነበር። ክፉ ስም የወጣላት ኋላ ነው።"

"እንግዲያው መምህር፣ እርስዎ ቤት ትግባ!" አለ ቴናራሱ፤ ሰው ሳቀ። "ካልሆነ ነገ የድንጋይ መፍጫው መኪና ይወስዳታል። ጠጠር ሆና መንገድ ላይ ከተደፋች ማንንም አትጎዳም።"

ሙዚየም ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ትሁት ነበር፤ መኪና ሲገኝ እንመጣለን፣ እስከዚያ ደህና ቦታ አኑሯት አለኝ። ደህና ቦታ! ትምህርት ቤት እናኑራት ስለው ርዕሰ መምህሩ ፈተና ደርሷል፣ ወላጆች ይጮሁብኛል አለ። የቤተ መቅደሱ ካህን በሩን እንኳ አልከፈተልኝም፤ በመስኮት ነው "ተወኝ በናትህ" ያለኝ። የቀረኝ የገዛ ቤቴ ነበር።

"የልጅህ አማቶች በዚህ ሰሞን ሊመጡ ነው" አለች ባለቤቴ ማንጋይ። "በር ላይ ማን ትቀበላቸው? ሙዴቪ?"

"ድንጋይ እኮ ናት።"

"ድንጋይ ከሆነች ጠጠር ብትሆን ምን አለበት?"

ሞተር ብስክሌቴን አስነስቼ ወጣሁ።

ወደ ኩሬው ስመለስ ፑንጋቫናም ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ገና በአፍላነቷ ባሏ የሞተባት፣ ኩሬው ዳር ብቻዋን ፍየል የምታረባ ሴት ናት። ባል የሞተባት ሴት ገደ ቢስ ናት ስለሚባል፣ ጠዋት ለጉዳይ የወጣ ሰው እሷን ፊት ለፊት ካያት ቤቱ ተመልሶ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው እንደገና የሚወጣው። ሠርግ አትጠራም። አሁን በሳሪዋ ጫፍ የሙዴቪን ፊት እየጠረገች ነበር።

"ሆዷን አየኸው መምህር? የወለደች ሴት ሆድ ነው። እቺን ነው ክፉ የምትሏት?"

"እኔ አላልኩም አካ" አልኳት፤ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የምጠራት።

"እኔ ጓሮ አምጧት።"

"ሰውስ ምን ይላል?"

ቅጠል በማኘክ የቀላ ጥርሷን አሳይታ ሳቀች። "ሰው እኔን ሲል የኖረውን አልሰማህም? ከዚህ በላይ ምን ታመጣብኛለች? ባሌን ትገድላለች? እሱ እንደሆነ አልቋል።"

ትራክተር ያለው ሁሉ ሰበብ አገኘ። በመጨረሻ የመጣው ያው የሸሸው ሹፌር ነው። "አንዴ ነክቻታለሁ፤ የሚመጣብኝ ካለ መጥቷል" ብሎ በገለባ ጠቅልሎ በገመድ አሰራት፣ በስካቫተሩ አካፋ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አነሳትና ፑንጋቫናም ጓሮ አስቀመጣት። የመፍጫው መኪና ባዶውን ተመለሰ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። የሩዙ ችግኝ መደቡ ላይ ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን ቴናራሱ ሰዎች አስከትሎ፣ መዶሻ አስይዞ ወደ ኩሬው ዳር እየወረደ ነው ሲሉኝ ክፍሌን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ፑንጋቫናም ድንጋዩን ተደግፋ ቆማለች።

"አምናስ ዝናቡ የቀረው በማን ነው?" ትላለች። "አምና እሷ ጭቃ ውስጥ ነበረች።"

"በአንቺ ነዋ!" አለ ከኋላ አንዱ።

ተናጋሪው ራሱ ከአፉ በወጣው ነገር ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

"ታዲያ መዶሻው ለእኔ ነዋ የመጣው" አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። "ከእኔ ጀምሩ።"

የጀመረ የለም። ቴናራሱ ጉሮሮውን ጠራረገና "ከሴት ጋር አፍ አንካፈትም" ብሎ ዞረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሲሄዱ ጠብቃ እዚያው ቁጭ አለች። ውሃ ቀዳሁላት።

ዝናቡ በኋላ መጣ። ሙዴቪን ያመሰገነ ሰው ግን አልሰማሁም።

የሙዚየሙ መኪና የመጣው መኸሩ ከገባ ወዲህ ነው። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ "እንጫናት" ሲል ፑንጋቫናም መንገዱን ዘጋችበት።

"የት ልታስቀምጧት ነው?"

"እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ ለጊዜው መጋዘን ነው።"

"ሌላ ሴት አለች እዚያ?"

"እሷን የመሰሉ አሉ።"

ወደ እኔ ዞረች። እንድትሄድ የፈለግኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ያን ሰዓት ግን "ሂጂ በያት" ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። "አንቺ እንዳልሽ" አልኩ።

"ዛሬ እኔ አለሁ። ስሞት ተመልሰው ይመጡባታል" አለች። "ውሰዷት። ግን ቦታውን ሳላይ አልሰጥም።" ከሹፌሩ ጎን ወጥታ ተቀመጠች፤ ከመንደራችን እንዲህ ርቃ ስትሄድ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ።

"ደረቅ ቤት ነው፤ ጣሪያው አያፈስም" አለችኝ። "አፍንጫዋ የተሰበረ ሌላ ሙዴቪ ጥግ ላይ አለች። የእኛን ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርገው ሊያቆሟት ሲሉ፣ እርስ በርስ ይተያዩ ብዬ አስዞርኳቸው።"

"እሺ አሉሽ?"

"ምን ያደርጋሉ? እያጉረመረሙ አዞሯት።"

ከዚያ አንዷ ፍየል የጎረቤት ጎመን ውስጥ ስትገባ አየችና እየተሳደበች ተነስታ ሄደች።