የአጥንት ሰባሪው ጎጆ

መካነ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው ሰው አንድ ብቻ አይደለም፤ ወፍ ፍለጋ ገደል ለገደል የሚንከራተተው ግን አስናቀው ብቻ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጉርድ ፎቶ ያነሣል፣ የሙሽሮች አልበም ያዘጋጃል። ሰርግ የሌለበት ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ካሜራውን በአዳፋ ጋቢ ጠቅልሎ በጠዋት ይወጣል። ሚስቱ እናኑ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሴት ጠርጥራ አንድ ቀን ከኋላው ተከትላው ነበር። ሰውዬው ጭቃ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቆቅ ሲጠብቅ አግኝታው ተመለሰች። "ሴትስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ልብሱ በንጽሕና ይመለስ ነበር" ብላ ለጎረቤት አወራች።

የከተማው ሰው "አስናቀው አሞራው" የሚል ስም አወጣለት። ሲጠሩት የተቆጣ ይመስላል እንጂ ስሙን ይወደው ነበር። ማሳው ላይ የማያውቀው ወፍ ያረፈበት ገበሬ ሳይቀር ለገበያ ሲወጣ ወደ እሱ ጎራ ብሎ፣ "ጭራው ረጅም፣ ደረቱ ቀላ ያለ ነው፤ ምን ይባላል?" ይለዋል። አስናቀውም መቀሱን አስቀምጦ፣ ሰው እየጠበቀውም ቢሆን፣ ዝርዝሩን ይነግረዋል።

ፈርሂያ ከኩዌት የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ማዳሟ ቤት ሳለች ከሰገነቱ ላይ ሆና ባሕር ዳር የሚያርፉትን እግረ ረጃጅም ወፎች ታይ ነበር። ኋላ በራሷ ደሞዝ ካሜራ ገዛች፤ ሌንሱ እንደ ክንድ የረዘመ ነው። አንድ ቀን ያንን ይዛ አስናቀው በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ወፍ ያነሣሉ አሉኝ። ቅዳሜ ይዘውኝ ይሂዱ።"

አስናቀው መቀሱን ጣል አድርጎ ተነሣ። በስንት ዓመቱ "ይዘኸኝ ሂድ" ያለው ሰው መጣ! ያውም ሳትሳለቅበት። ይዟት ሄደ። ደንቆሮ ጫካ የሚባለውን ደን ዳር ዳሩን አዞራት፤ ነጭ ልብስ እንዳትለብስ፣ ከሰማይ ጠርዝ ላይ ቆማ እንዳትታይ፣ ከመቅረጿ በፊት ትንፋሿን እንድትይዝ አስተማራት። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አጥብቆ ነገራት፤ "ጎጆ ከማዶ ሆነሽ ነው የምታዪው። ጫጩት ያለበት ከቀረብሽ እናቲቱ ሸሽታ ትቀራለች። የፈለገ ፎቶ ቢያመልጥሽ ያምልጥሽ።"

እሱ ራሱ ለዓመታት የተመኘው አንድ ፎቶ ነበረው። በእነዚያ ገደሎች ላይ ጢሙ የተንጠለጠለ፣ ክንፉ ሰፊ፣ አጥንት ሰባሪ የሚሉት አሞራ ይኖራል። ከሞተ ከብት የተረፈውን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ መቅኑን ይበላል። አስናቀው የሚፈልገው አጥንቱ ከጥፍሩ የሚላቀቅባትን ቅጽበት ነው። ብዙ ጊዜ ሞክሮ ወይ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ወይ አሞራው ይገባና አጥንቱ ከፎቶው ውጪ ይቀራል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከገደሉ አፋፍ ላይ አብረው ተቀምጠው ሳለ፣ አስናቀው ሻይ ለመቅዳት ዞር አለ። የፈርሂያ ካሜራ ተንጣጣ።

"ጋሼ! ወላሂ የያዝኩት መሰለኝ!"

አሳየችው። አሞራው ክንፉን እንደ ዣንጥላ ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ታች ቀልሶ፣ የለቀቀውን አጥንት በቀይ ዓይኑ እየተከተለ ነው። አጥንቱም አየር ላይ ቆሟል። አስናቀው ሻዩ እጁ ላይ እየፈሰሰ ተመለከተ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ትንሽ ጨለም ብሏል።"

ፎቶው አልጨለመም። እሱም ያውቃል።

ፈርሂያ ያንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ያላየው ሰው አልነበረም። ደሴ አንድ ሆቴል አሳትሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቀለው ተባለ። አስናቀው ይህን ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ ከረመ። አንድ ቀን አቶ ዋለ የሚባሉ ሽማግሌ ለጉርድ ፎቶ ብለው ገቡና ግድግዳውን እየቃኙ፣ "የአሞራዋ ልጅ ፎቶ ቤት ይኼ ነው?" ብለው ጠየቁት።

"የአሞራዋ ልጅ" ሲሉ አንጀቱ ድብን አለ። ስሙንም ወሰደችበት!

"አይደለም፤ እሷ ልብስ ነው የምትሸጥ" አላቸው። ከዚያም ሽማግሌውን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሦስት ጊዜ አነሣቸውና መልሶ እሳቸውኑ ተቆጣ።

ይበልጥ ያንገበገበው ደግሞ የፈርሂያ ደግነት ነበር። ለጠየቃት ሁሉ "ያስተማረኝ ጋሽ አስናቀው ነው" ትላለች። ስሙን ብትደብቅ፣ ብትኮራበት፣ የሚይዝባት ነገር ያገኝ ነበር። እሷ ግን ይኸው ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት "እንዴት አደሩ ጋሼ፣ አብሽር!" እያለች ፊቷ እንደበራ ታልፋለች።

"ምን ሆነሃል?" አለችው እናኑ አንድ ቀን ምሳ ላይ። "እንጀራውን እንደ ጠላት ነው የምትቦጭቀው።"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ቀንተሃል።"

"በማን? በዚያች ልጅ? ሌንሷን አይተሽዋል? ያንን ሌንስ ለእኔ ስጡኝና እስቲ…"

እናኑ ሳቀች። "ያኔ እኔ ስቀናብህ ስቀህብኛል። አሁን ቅመሳት።"

አስናቀው ምሳውን ትቶ ተነሣ።

ጥር ላይ አጥንት ሰባሪዎቹ ጎጆ ሠርተው ጫጩት መፈልፈላቸውን ሁለቱም ከማዶ ሆነው አዩ። ጎጆው ገደሉ ወገብ ላይ፣ ከተንጠለጠለ ድንጋይ ሥር ነው። በፈርሂያ ሌንስ ሲያዩት አመድማ የጫጩት ራስ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ በአስናቀው ሌንስ ግን ጎጆው ራሱ ከድንጋዩ አይለይም። ፈርሂያ "የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግመን እንምጣ" ስትለው፣ "እኔ ሰርግ አለብኝ" አላት። ሰርግ አልነበረበትም።

ቅዳሜ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ወጣ። በሚያውቀው የጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ከገደሉ ጀርባ ዞሮ፣ በእጁም በእግሩም እየተያያዘ ከጎጆው ትይዩ ወዳለው የድንጋይ ደፍ ወረደ። እሷ ከማዶ ሆና በረጅም ሌንሷ የምታነሣውን እሱ በአጭሩ ከቅርብ ያነሣዋል፤ ሐሳቡ ይኼው ነበር። ለሌሎች የሚናገረው ምክር በዚያች ጠዋት ትዝ አላለውም ቢባል ውሸት ነው። ትዝ ብሎታል። "አንዴ ብቻ" ብሎ ለራሱ መለሰለት።

ገና አንገቱን ብቅ ሲያደርግ እናቲቱ ከጎጆው ተስፈንጥራ ወጣች። ጫጩቱ ብቻውን ቀረ፤ አንገቱን አቀርቅሮ አፉን ከፍቷል። አስናቀው አነሣ፣ ደገመ፣ ደጋገመ። ፎቶው ላይ የጫጩቱ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። "እስቲ አሁን ምን ይሉ ይሆን!" አለ ጮክ ብሎ።

ቀና ሲል ሁለት ቁራዎች ከጎጆው ጠርዝ ላይ አርፈዋል። ድንጋይ ወረወረባቸው፤ በረሩና ተመለሱ። እናቲቱ ከላይ ትዞራለች፤ ሰው ስላለ ግን አትወርድም። አስናቀው ከዚያ ካልሄደ እናት አትመለስም፤ ከሄደ ደግሞ ጫጩቱን ቁራ ይጨርሰዋል።

በዚህ መሐል ከማዶ ጩኸት ተሰማ።

"ማነህ አንተ! ከዚያ ውጣ!"

ፈርሂያ ናት። ብቻዋን መጥታ ከተለመደው ቦታ ተቀምጣ ኖሯል። የሌንሷ መስተዋት በፀሐይ ብልጭ ሲል አስናቀው አየ። ፊቱን ለመሸፈን ጋቢውን ሳበ፤ ዘግይቶ ነበር። ዐውቃዋለች።

"አስናቀው!" አለች ኋላ። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። "አትነሣ! በደረትህ እየተሳብክ ወደ ኋላ ሂድ! ከድንጋዩ ጀርባ ግባ!"

"ቁራዎቹስ?"

"እኔ አያቸዋለሁ! ቆይ… አሁን ራቁ፤ ሂድ! ሂድ!"

እየተሳበ ሄደ። ድንጋዩ ጥግ ላይ እስኪደርስ ክርኑ ተላጠ። ከጀርባው ገብቶ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ከዚያ በኋላ የሚያየው ነገር አልነበረም። የቁራዎቹ ድምፅ ቀረበ፤ ጫጩቱ ጮኸ። አስናቀው ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ወዲያው ከላይ እንደ ናዳ ያለ ነገር ሲወርድ፣ አየሩ ሲተረተር፣ ቁራዎቹ እየተንጫጩ ሲበተኑ ሰማ።

"ተመለሰች!" አለች ፈርሂያ። "ጎጆው ላይ ናት!"

አስናቀው "ተመስገን" ሊል ሲገባው፣ መጀመሪያ ልቡ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ሐሳብ ነበር። ያንን አወራረድ እሷ አይታዋለች። አንሥታዋለችም።

ዞሮ ወደ መንገዱ ሲወጣ ፈርሂያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባጃጅ ትጠብቅ ነበር። ሻሿን አስተካከለች እንጂ አልተነሣችም።

"ጫጩቱ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ" አለች። ቆየት ብላ፣ "ሰርግ አለብኝ ብለውኝ ነበር" አለችው። እርስዎ ማለቷ ተመልሷል፤ እንደ ብርድ ነው የመጣው።

ካሜራዋን አቀበለችው።

ገደሉ በሙሉ አለ። እናቲቱ ከላይ ክንፏን ዘርግታ፣ ቁራዎቹ ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆመው፣ ከደፉ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ ካሜራውን ጫጩቱ ላይ ደግኗል። የጠዋት ፀሐይ ሁሉንም ከጎን መትታቸዋለች። አስናቀው መጀመሪያ ያየው በባለሙያ ዓይን ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቶ አያውቅም። ሰውዬው እሱ መሆኑ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

"ልትለጥፊው ነው?"

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"አጥፊው።"

ፈርሂያ ካሜራዋን ተቀበለች፣ ተጫነችው፣ አጠፋችው። አላመነታችም፤ ምራቅ የመዋጥ ያህል እንኳ አልቆየችም።

"ቆይ!" የሚለው ቃል ከአስናቀው አፍ የወጣው ፎቶው ከጠፋ በኋላ ነው።

"ምነው?"

"ጥሩ ፎቶ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

እሱ ቢሆን አያጠፋውም ነበር። አልቅሰው ቢለምኑት እንኳ አንድ ቅጂ ይደብቃል። ይህን ማወቁ ከክርኑ ቁስል በላይ አሳመመው። በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ከተማ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ አብረው አልሄዱም። አስናቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገደሉ ርቆ ወደ ደጎሎ አቅጣጫ፣ ወደ ገብሱ ሜዳ መውረድ ጀመረ። ከቅርብ ያነሣቸውን የጫጩቱን ፎቶዎች ለማንም አላሳየም፤ ለእናኑም ጭምር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ፈርሂያ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"በረረ" አለችው። "ትናንት ከጎጆው ወጣ። ያወቁት ይሻላል ብዬ ነው።"

"አነሣሽው?"

"አዎ።"

"አሳዪኝ።"

ስልኳን ሰጠችው። ጥቁሩ ልጅ አሞራ ከጎጆው ጠርዝ ላይ ክንፉን ከፍቶ፣ እግሩ ገና ከድንጋዩ ሳይላቀቅ ተይዟል። አስናቀው ያ ቅናት እንደገና ሲነሣበት ታወቀው። ስልኩን ግን አልመለሰላትም።

"ወደ እኔ ላኪው" አለ። "በትልቁ ላትምልሽ። እዚህ ይሰቀላል። ከሥሩ ስምሽን እጽፋለሁ።"

ፈርሂያ ፊቱን አጠናችው። "እሺ፣ ጋሼ" አለችና ወደ ሱቋ ሄደች።

አሳተመው፤ ስሟንም ጻፈበት። ይዞት ፎቶ ቤቱን ዞረ። መስኮቱ ላይ ሞከረው፣ ከመንገድ ሆኖ አየው፣ አወረደው። ከመቀመጫው ፊት ለፊት ሞከረው፣ አሁንም አወረደው። በመጨረሻ የሰቀለው በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት በሚጋርደው ግድግዳ ላይ ነው። ቀን በሩ ክፍት ስለሚሆን ደንበኛ አያየውም። አመሻሽ ላይ በሩን ሲዘጋ ግን አሞራው ፊት ለፊቱ ይቆማል፤ አስናቀውም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ያየዋል።