የአርባ ሰከንድ ትንፋሽ

የድምፅ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ ስገጥም ጆሮዬ ሠለጠነ፤ ቀሪውን እግዜር ጨመረበት። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሟን ስትሠራ ታዲያ፣ ድምፁን ለእኔ ሰጠችኝ።

ፊልሙ ስለ አንድ ጀግና ነው። ይበራል፣ ግድግዳ ይደረምሳል። እህቴ ስትጽፈው ግን ትልቁ ኃይሉ መስማት ነበር። መጨረሻ ላይ ጠላቱን አንቆ ይዞ ሳለ፣ የታመመች እናቱ ትንፋሽ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይሰማውና እጁን ይለቃል። አርባ ሰከንድ ሙሉ ትንፋሽ ብቻ፤ ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ።

ያ ትንፋሽ የእናታችን ነው። ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት፣ እሷው ፈቅዳ አልጋዋ አጠገብ ቀዳሁት። "ለልጄ ፊልም ከሆነማ አሳምሬ ነው የምተነፍሰው" ብላ አስቃናለች።

ጥፋቱ ከእኔ ጀመረ። ሰው ጆሮውን አቅንቶ እንዲያዳምጥ ብዬ፣ ጸጥ ባለው ክፍሌ፣ በደህናው ማዳመጫዬ ትንፋሹን በጣም ዝቅ አደረግሁት። ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ ፊልሙን ለሙከራ ያሳየው ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚጮኽበት አዳራሽ ነበር። አንድም ሰው አልሰማ። "ድምፁ ተበላሸ!" ብለው ያፏጩ ጀመር።

በማግስቱ የኩባንያው ኃላፊ ክፍሌ መጣ። እሱ በሌለበት ሠራተኛው "መቀስ" ይለዋል።

"ወንድሜ፣ ሰው ዝምታ ከፈለገ ቤቱ አለለት" አለኝ። "ከበሮ ሙላበት። ከጀግናውም ዓይን እሳት እናስወጣለን።"

"እህቴስ?"

"እሷ ከእንግዲህ እዚህ አትገባም። አንተም እምቢ ካልክ ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ያኔ ትንፋሹ ጭራሽ ይወጣል።"

ለእህቴ ደወልኩላት።

"ጥለህላቸው ውጣ፣ ጋሼ።"

"ብቆይ እማዬን አተርፋት ይሆናል።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አለችኝ።

ጸለይኩና ቆየሁ። ትንፋሹን ከከበሮው ሥር ሸሸግኩት። በየሳምንቱ "ከበሮው ይጨመር፣ እሳቱ ያጓራ" የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ እኔም "ትንሽ ብቻ" እያልኩ እናቴን ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ አደርጋለሁ።

በምርቃቱ ቀን ከእህቴ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ቦታው ሲደርስ ጀግናው እጁን አልለቀቀም፤ ከዓይኑ እሳት ወጣና ጠላቱ ነደደ። ከፊታችን አንዱ "ይሄ ጀግና ነው ምድጃ?" ሲል አዳራሹ ሳቀ።

እህቴ እጅጌዬን ጨብጣለች። "ጋሼ፣ እማዬ አለች?"

"አለች። ከሥር ናት።"

"እኔ አልሰማኋትም።"

"እኔም" አልኳት።

ውጭ ደረጃው ላይ ስንደርስ የትንፋሹን ዋና ቅጂ ጠየቀችኝ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉን አስረክቤ እጄ ላይ ያለውን እንዳጠፋ ፈርሜ ነበር፤ ቃሌ ነውና አጠፋሁ። ቆይቶ መቀስን ብለምነው "የኩባንያው ንብረት ነው" አለኝ። ይህንኑ ነገርኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"እንዴት ነበር የምትተነፍሰው? አንተ ጆሮ አለህ፤ እስቲ አሰማኝ።"

አጠገቧ ተቀምጬ ሞከርኩ። ወደ ውስጥ፣ መሐል ላይ ያዝ አድርጎ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ።

"እንደሱ አይደለም" አለች።

ደግሜ ሞከርኩ።

"አይደለም፣ ጋሼ።"

ተመልካቹ እየወጣ ነበርና መንገድ ልቀቁ አሉን።