የማይገጥመው ቅልጥም

ሸዋገነት ባሏን በሌላው ነገር ሁሉ ታምነዋለች፤ በክኒኑ ነገር ግን በፍጹም።

ክንዴ የዛሬ ሰባት ወር የሚነዳው አይሱዙ ዛሪማ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ግራ ቅልጥሙ ተሰበረ፤ ደሙም ብዙ ፈሰሰ። አጥንቱ እስካሁን አልገጠመም። ከሁለት ወር በፊት ጎንደር ማራኪ ሰፈር ክሊኒክ ያላት ዶክተር ፅዮን ደሙን አስመርምራ ብረት አንሶታል ብላ በቀን አንድ ክኒን አዘዘች። ካልተሻለው እግሩን ከፍታ ከዳሌው የተወሰደ አጥንት እንደምትተክልበትም ነገረችው። ቀጠሮው ዛሬ ነው።

ባልና ሚስት ከሚኖሩበት ከኮሶዬ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ወረዱ። ክንዴ ክራንቹን ታቅፎ በመስኮት ያያል። ቢላዋውን ፈርቷል። እሷም ፈርታለች፤ የእሷ ፍርሃት ግን ንዴት ሆኖ ነው የሚወጣው።

ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ምንም አልጨመረም። አቶ ክንዴ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«አንድም ቀን አላስተጓጎልሁም።»

«ውሸቱን ነው!» ፈነዳች ሸዋገነት። «ሰገራዬን አጠቆረው እያለ ሲያማርር ነው የከረመ። በየቀኑ አፉን አስከፍቼ፣ ምላሱን አስነስቼ አያለሁ። ብቻ የት እንደሚተፋው እንጃለት!»

ክንዴ አንገቱን ደፍቶ የተሰበረ እግሩን ያያል።

«ሰገራቸው ከጠቆረማ ውጠውታል» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ። «በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በሻይ ነዋ!» ሸዋገነት ኩራት ተሰማት። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት እሷ ናት። «መድኃኒት ቤት በውሃ ይዋጥ ብለውኝ ነበር። የኮሶዬ ውሃ ግን በረዶ ነው፤ ለታመመ ሰው እንዴት ብርድ አጠጣለሁ? ጥቁር አድርጌ ራሴ አፍልቼ ነው የምሰጠው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሻዩ ብረቱን ይይዘዋል። ወደ ደም ሳይገባ አብዛኛው በሆድ አልፎ ይወጣል። አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት ደግሞ ብረት ሲያጡ ይዳከማሉ። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው አልልም። ግን ይህን ሳናስተካክል እግራቸውን አልከፍትም። ሁለት ወር በውሃ እንሞክር፤ ሻይና ቡና ከክኒኑ ይራቅ። ያኔም ካልገጠመ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም።»

ሸዋገነት ወደ ዶክተሯ ተጠጋች። «እንግዲያው የባከነው እንዲካካስ በቀን ሦስት ሦስት ልስጠው?»

«እንዳያደርጉት!» የዶክተሯ ድምፅ ከፍ አለ። «ብረት ሲበዛም እነዚያኑ ሕዋሳት ይጎዳል፤ ጉበትና ልብም ይጎዳል። አንድ ብቻ!»

አዲሱን ክኒን ገዝተው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሸዋገነት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱን በገዛ እጇ ስታበላሽ ከርማ ዛሬ በሰው ፊት ውሸታም አለችው።

«ክንዴ፣ ይቅር በለኝ።»

ክንዴ ክራንቹን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። «የእግሬን ነገር እግዜር ያውቃል» አለ። «ግን ጧት ጧት እንደ ገበያ በቅሎ አፌን ስታስከፍቺኝ... እሱ ነው የጎዳኝ። ሻዩስ ሻይ ነው፤ አላወቅሽም።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

እጁን ዘረጋ። «ክኒኑን አምጪ።»

«ምነው? እኔ እይዝልህ የለ?»

«አንቺ ከያዝሽው ሦስት ታደርጊዋለሽ።»

«በፍጹም» ልትል አፏን ከፈተች። ሦስት ይብዛ፤ ሁለት ቢሆን ግን ምን አለበት፣ ማን ያውቃል፣ ስትል እኮ ነበር በልቧ፤ ከሐኪሟ ክፍል እንደወጡ ጀምሮ። ደነገጠች። ከቦርሳዋ ክኒኑን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።