ቀሚስ የለበሰው ሬዲዮ

አባይነሽ ድምፁ የጠፋባትን ሬዲዮ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ከሁሩታ አሰላ ገባችና በሸጠላት በጉርሙ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችው። የአንድ ዓመት ዋስትናው ገና አራት ወር ይቀረዋል።

ጉርሙ የዋስትናውን ወረቀት አገላበጠ። «እትዬ፣ ከተከፈተ ዋስትና የለውም። የሰፈር ሬዲዮ ሠሪ ሳይነካካው አይቀርም።»

«ማን አባቱ ይነካዋል? ዓይን የለህም እንዴ?»

ሬዲዮው አባይነሽ በእጇ የጠለፈችውን ቀሚስ ለብሷል። በተገዛ ዕለት አቧራ እንዳይገባው አልብሳ ዙሪያውን ሰፍታዋለች፤ ክፍት የተወችው ለቁልፎቹና ለድንጋይ መቀየሪያው ብቻ ነው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ዜና ሊሰማ መጥቶ ቁልፉን አላስነካሁትም!»

ጉርሙ ሳቁ አመለጠው። በመቀስ ስፌቱን ቢፈታው፣ ከጀርባው የፋብሪካው ማሸጊያ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

«በቃ፣ ረቱኝ» አለና አዲስ ሬዲዮ አወጣላት።

አባይነሽ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከመቀነቷ መርፌና ክር አውጥታ አዲሱን ሬዲዮ እዚያው ታለብሰው ጀመር።

«እትዬ፣ ቤትዎ ገብተው አይሰፉትም?»

«እዚሁ ፊትህ ልስፋው! ኋላ መንገድ ላይ ተከፍቷል እንዳትለኝ።»