የሐሙስ አበባ

ገበሬው አላህ ዲታ ልጁን ባኽቶን ትምህርት ቤት ያመጣት ዕለት ክንዷን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አምልጣዋለች። ደጃፉ ላይ ቆመና የእኛ አገር አባቶች ሁሉ የሚሉትን አለ።

"ኡስታኒ፣ ሥጋዋ የእናንተ፣ አጥንቷ የእኛ።"

ግረፏት፣ ብቻ አትስበሯት ማለቱ ነው። እኔ "እሺ" አልኩት። ሪፋት ግን "ሥጋዋም አጥንቷም የራሷ ነው" ስትለው ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን እኔን አየ።

ሁለት አስተማሪዎች ነን፤ ሁለታችንንም ኡስታኒ ይሉናል። እኔ ዙሌኻ፣ አሮጊቷ፣ የእንጆሪ ዛፍ አርጩሜዬ ከሰሌዳው ሥር የማይጠፋ። ሪፋት ደግሞ ከሙልታን ከተማ የመጣች፣ ሥልጠናዋን ገና የጨረሰች፣ መቆጣት የማይሆንላት ልጅ።

"አፓ፣ እህቴ፣ ጥፋታቸውን ብቻ ካየንላቸው ጥፋት ያበዛሉ። ደግ ሲሠሩም እንያቸው" ትለኛለች።

"ሳይቃጠል በቅጠል ነው የኔ ልጅ" እላታለሁ።

አልሰማችኝም። አርጩሜዬን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረችና ከቀይ ወረቀት አበባ ሠራች። ሐሙስ ሐሙስ፣ ሳምንቱን በጠባይዋ የበለጠችው ልጅ አበባው ሻሿ ላይ ይሰካላታል፣ ልጆቹ ያጨበጭቡላታል። እስከሚቀጥለው ሐሙስም ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ላይ እንደ ደወል የተንጠለጠለውን የሐዲድ ስባሪ የምትደውለው እሷ ናት። እኔ ሳቅሁባት። በኋላ ግን አፌን ያዘጋችኝ ባኽቶ ነች።

ባኽቶ ትናከስ ነበር። ወንበር የለንም፣ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ እሷ ያለችበት ምንጣፍ ላይ ሌላ ልጅ አይቀመጥም ነበር። ሪፋት ጎኗ ቁጭ ብላ አስተማረቻት። ስትናደጂ አየር ወደ ውስጥ ሳቢ፣ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ልጅቷ ንዴቷን በዋጠች ቁጥር ሪፋት ታያለች፤ አይታም ዝም አትልም። "አየሁሽ ባኽቶ፣ ቻልሽው!" ትላታለች። አንዳንዴ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ ትታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ከረሜላው እዚያው ካለ ለሁሉም ታካፍላለች። ብርዱ ሳይወጣ ባኽቶ አበባውን አገኘች። የዚያን ዕለት ደወሉን እንዴት አድርጋ እንደመታችው! አባቷ እሳት የተነሣ መስሎት ከእርሻው ሮጦ መጣ።

መሬቱ የማሊኮቹ፣ የባላባቶቹ ነው። የአላህ ዲታ ጎጆ የቆመችው በእነሱ መሬት ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። የማሊኩ ሚስት፣ ቤገም የምንላት፣ ከላሆር እየመጣች ለልጆቹ ብስኩት ታድላለች። አምና ስትመጣ ዓይኗ አበባው ላይ ዐረፈ።

"ይቺ ምን አድርጋ ነው?"

"የሳምንቱ ጨዋ ናት" አለች ሪፋት፣ በኩራት።

አበባውን ያደረገችው ናጅማ ነበረች። ቤገም አገላብጣ አየቻት፤ በማግስቱ መኪና መጥቶ ወሰዳት፤ ሳህን ልታጥብ፣ ልጅ ልትይዝ። አባቷን ማን ጠየቀው?

"መርጠሽ፣ ገርተሽ፣ ምልክት አድርገሽ ሰጠሻት" አልኳት ሪፋትን። ክፉ አፍ አለኝ።

ለዒድ ናጅማን መለሷት። መዳፏ ላይ የካውያው ጫፍ ቅርጹን ትቷል። ምን ሆንሽ ስትባል በሻሿ ሸፈነችው። ሪፋት የዚያን ቀን ማስተማር አልቻለችም፤ ሁለቱንም ክፍል እኔ ያዝኩ።

ዘንድሮ የቤገም ሹፌር መጥቶ "ነገ ይመጣሉ፤ በዚያችኛዋ ምትክ ሌላ ይፈለጋል" ሲለን፣ አበባው ባኽቶ ሻሽ ላይ ነበር። ሪፋት ጠራቻት።

"ነገ አበባውን አታደርጊም። ቤገም ስትመጣ ጩኺ፣ ተናከሺ፣ እንደ ድሮሽ ሁኚ። እሺ?"

ባኽቶ ሳቀች። "ሊፈትኑኝ ነው አይደል?"

"የምሬን ነው።"

"አውቄብዎታለሁ ኡስታኒ! እንደ ከረሜላው ነው!"

እውነቱን ለምን አልነገረቻትም ትሉኛላችሁ። ልጅ የሰማችው ማታ አባቷ ጋ፣ ጠዋት ማሊኩ ጋ ይደርሳል። ከቤት አትውጪ ብንላትስ? ብስኩት ባለበት ቀን የሚቀር ልጅ አለ እንዴ?

በማግስቱ ቤገም ያመጣንላትን ወንበር በመሐረብ ጠርጋ ተቀመጠች። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ባኽቶ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች፤ እንደዚያን ቀን ጨዋ ሆና አታውቅም።

"ከነዚህ ጨዋዋ የትኛዋ ናት?" አለች ቤገም።

"ዘንድሮ ደህና ልጅ የለንም፤ ሁሉም ባለጌ ናቸው" አለች ሪፋት።

ልጆቹ ደንግጠው ተያዩ። አንዷ ትንሽዬ አላስቻላትም። "ባኽቶ ናት! አበባው እኮ የባኽቶ ነው!"

ቤገም ወደ ባኽቶ ዞረች። ሪፋት መንገዱ ሁሉ ጠፋባት።

"እሷማ የባሰች ናት፤ ሌባ ናት፣ ትናከሳለች" አለችና ዘልላ አርጩሜዬን ከቁም ሳጥኑ አወረደች። "ነይ! እጅሽን ዘርጊ!"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ባኽቶ ተነሥታ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። ሪፋት መታቻት። መምታት አታውቅበትምና ካሰበችው በላይ መታቻት። እያለቀሰች ደገመቻት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስገርፍ ኖሬ ያንን ማየት አቃተኝ።

ባኽቶ አየር ወደ ውስጥ ሳበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነበር። አሥር ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ተነፈሰች። እንባ የለ፣ ድምፅ የለ።

ልጆቹም አጨበጨቡላት። ማን አጨብጭቡ አላቸው? ንዴቷን ለዋጠች ልጅ እንዲያጨበጭቡ ሪፋት ናት ያስተማረቻቸው።

ቤገም ከወንበሯ ተነሣች። "ስትመታ እንኳ ቃል አይወጣትም። እንዲህ ያለች ነበር ያጣሁት። ይቺን።"

ሪፋት እግሯ ላይ ወደቀች። "ቤገም ሳሂብ፣ በአላህ ይሁንብዎ! ሌላ ሠራተኛ ከከተማ እኔ እፈልግልዎታለሁ!"

"ተነሽ ቢቢ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል" አለቻት፣ በደግነት።

አላህ ዲታ ከእርሻው ተጠርቶ እስኪመጣ ባኽቶ ሪፋትን ቀሚሷን ጎተተቻት። መዳፎቿ አብጠዋል።

"ኡስታኒ፣ አለፍኩ አይደል? አበባው አሁንም የኔ ነው?"

ሪፋት አበባውን ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አውጥታ ሰካችላት። ምን ልታደርግ?

አባትየው ከነጭቃው ደረሰ። ልጁን የቤገም መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሲያያት ጥምጥሙን ከራሱ አወረደ። ሊለምን መስሎኝ ነበር። ለካ አባት ልጁን ለሰው ሲያስረክብ ከሚባለው ሌላ የሚያውቀው ቃል የለውም። ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ አለ።

"ቤገም ሳሂብ፣ ሥጋዋ የእርስዎ፣ አጥንቷ..."

ሳይጨርስ መስታወቱ ተዘጋ።