ምንም የማይጎድላት ልጅ

መልእክቱ ከሙስካት ሲገባ ባንቴ ካርቲየ አንድ በሚባለው የወደቡ ከተማ ሰፈር፣ ከዘነቡ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። የሚሾፍረው መኪና ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቃል። ልጁ ውቢት ሙስካት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳ ከተዘጋ ሰንብቷል። ለአሠሪዋ ደጋግሞ ጽፎ መልስ ያገኘው አሁን ገና ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ስልኩን ለዘነቡ ሰጣት። ሱቁን ሳትከፍት በፊት ትራንዚት ቢሮ ሠርታለችና እንግሊዝኛ ታነባለች።

«‹ሺ ዎንትስ ፎር ናቲንግ› ነው የምትልህ።»

«ዎንት መፈለግ አይደል? ምንም አልፈልግም አለች?»

«ኧረ ጋሼ፣ የወደብ እንግሊዝኛህን ተወው! አባባል ነው። የሚጎድላት ነገር የለም ማለት ነው። ሁሉ ለተሟላለት ሰው እንዲህ ይባላል።»

አጠገቡ ያለው ሾፌር ጌቾ ትከሻውን መታው። «ደልቷታል ተባልክ እኮ! ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

ባንቴ ልጁን ያውቃታል። ወደ ሙስካት የሚሻገር ሰው በተገኘ ቁጥር ትእዛዟ ይቀድማል፤ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የፀጉር ቅቤ። ከእነዚህ አንዱ ጎድሎባት ያላዘዘችበት ጊዜ የለም። አሁን ምንም አልጎደላትም ከተባለ፣ ወይ ታማለች፣ ወይ እንዳትናገር ተከልክላለች።

«ድምጿን ካልሰማሁ አላምንም። ጻፊላት» አለ።

ዘነቡ ጻፈች። ባንቴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ጌቾ ምሳ ጋበዘው፤ እምቢ አለ።

በመጨረሻ የድምፅ መልእክት ገባ።

«አባዬ! ስልኬን ከልብስ ጋር ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከትቼው ተበላሸ። በማዳም ስልክ ነው። ስማ፣ ያለፈውን ሽሮ ከማን ነው የገዛኸው? አሸዋ አለው! ሚጥሚጣውም አያቃጥልም። ሌላ ላክልኝ። ቅቤውም አልቋል። ደግሞ እንዳለፈው እንዳትረሳ!»

«አሸዋ?» ዘነቡ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሳች። «የእኔ ሽሮ አሸዋ አለው? ምላሷን ይዛ ትምጣና እዚሁ ትቅመሰው!»

ጌቾ በሳቅ ፈረሰ። ባንቴ መልእክቱን እንደገና ከፈተው፤ ልጁ እንደገና ተቆጣችው። ቁጣዋ እስኪያልቅ ሰማት። ከዚያ የቀዘቀዘ ውኃ ጠይቆ ጠርሙሱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ወደ ጌቾ ዞሮም «በል ና፣ ምሳ እንብላ» አለው።